ሊቀ ሌዘር ጋሼ የሺዋስ

ካልጋሪ ውስጥ መኪና የገዛ ሐበሻ ሁሉ ሳይጠራ የሚመጣ አንድ አማካሪ አለው። ከኢንሹራንሱ ቀድሞ ይደርሳል። የእኛው ሊቀ ሌዘር ጋሼ የሺዋስ ናቸው።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መኪናህን ዑደት እንደሚያደርግ ካህን ይዞሩታል። ታርጋውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ "አየህ ልጄ፣ ፖሊሱ የፍጥነት መለኪያ ሌዘሩን የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው፤ ያብረቀርቃላ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ምሳህን እርሳው።

"ፖሊስ ሲለካኝ የሚጮህ ዲቴክተር ልግዛ?" ካልክ ያዝኑልሃል። "ለራዳር ደህና ነው። ሌዘር ግን ቀጭን ነው፤ ዲቴክተሩ ሲጮህ ተመተህ አልቋል። ከሆነ በኋላ የሚነግርህ ነገር ምን ያደርግልሃል?" ቀጥለው ወደ ጃመሩ ይሻገራሉ፤ ጨረሩን የሚያውከው እሱ ነው፣ ሴንሰሩ ከታርጋው ግራና ቀኝ ይገባል፣ በረዶ ከሸፈነው ግን ዋጋ የለውም። ለጎረቤታችን ለመልከጼዴቅ ሚኒቫን፣ ፍጥነቷ ሰማንያ ሲገባ ለምትንቀጠቀጠው፣ ለእሽቅድምድም መኪና የሚበቃ ዕቃ መርጠውላታል። ክርስትና ላይ ቄሱን ሳይቀር "አባታችን፣ ከኋላም ይመታሉ" ሲሉ ሰምቻለሁ።

"ሌዘር" ሲሉ ግን ቃሉ እንደ እንጉርጉሮ ይሳባል። እኔ ዘፈን የሚያስለቅሰኝ ሰው ነኝ፤ ነገሩን ሳልሰማ እንጉርጉሮውን ሰማሁ።

ባለፈው ጥር መኪና ገዛሁና ሳድል ሪጅ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ታብሌታቸው ላይ ሦስት ጃመር ሲያስመርጡኝ ልጃቸው ኤዶም አጠገባችን ተቀምጣ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ግን ለምን ይሄን ያህል?" አልኳቸው።

ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ሆስፒታል ሆና፣ 'ትንሽ ደክሟታል፣ ቶሎ ና' ብለው ሽማግሌዎች ከሥራ ጠሩኝ። ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ አንድ ልጅ ፖሊስ በሌዘር መታኝ። ቲኬቱን ሲጽፍ፣ ሲጽፍ... ስደርስ ሚስቴ አልፋለች። ይሄ ዕቃ ቢኖረኝ ኖሮ በሕይወት እያለች እደርስላት ነበር።"

አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌዎቹ የደወሉላቸው ማረፏን አውቀው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው አይረዳም። ወጋችን ነው። ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ ያንሳው?

ኤዶም ግን እዚሁ የተወለደች ናት።

"ኖ፣ ዳዲ" አለች ቀስ ብላ። "ሲደውሉልህ ማሚ ኦልሬዲ አርፋ ነበር። መኪና እየነዳህ እንዳትደነግጥ ብለው ነው። እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ..."

የታብሌቱ ብርሃን ጠፋ። ማንም አልነካው።

"ያንን ልጅ" አሉ ጋሼ፣ "ፖሊሱን... ስንት ዘመን ረገምኩት።" ከዚያ መልሱን እንደ ፈራ ሰው፣ "ማን ነበር አጠገቧ?"

"እኔ። እጇን ይዤ።"

"አልነገርሽኝም።"

"አልጠየቅከኝም፣ ዳዲ። ሁልጊዜ የምታወራው ስለ ሌዘር ነው።"

ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ጋሼ "እስቲ ንገሪኝ፤ ምን አለች?" ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ፓርኪንጉ ጭር ብሏል። አዲስ መኪና ይመጣል፣ የሚዞረው የለም። አባትና ልጅ ጥግ ይዘው ያወራሉ፤ እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ባለፈው እሁድ ግን አላስቻለኝም፤ ሄጄ፣ "ጋሼ፣ ያ ሦስተኛው ጃመር ይሻለኛል?" አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "አንተ ደግሞ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" አሉኝ።

ናፍቀውኝ እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገራቸው።