አቶ ምንዳዬና ባለጎማው ቤት

የትም የሥራ ቦታ፣ ሰው ሁሉ «እንሂድ» ሲል «ቆይ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ጣሊያን ካዛንቺስ ላይ ለሹሞቹ ቤት በሚያሠራበት ዘመን ይህ ማዕረግ የአቶ ምንዳዬ ነበር። ሥራቸው ተሳቢ ከካሚዮን ጋር ማያያዝ ብቻ ቢሆንም፣ ሾፌሩ ወዳጆ በሆዱ «የመንጠቆ ሊቀ ሊቃውንት» ብሎ ሾሟቸዋል።

ሊቀ ሊቃውንቱ ሳያዩት የሚነሳ ተሳቢ የለም። ጎማውን በእርግጫ ይሞክራሉ። መንጠቆውን ያንኳኩና ጆሯቸውን ይደቅኑበታል። ከዚያ «መጀመሪያ ይመዘን» ይላሉ። አሸዋም ይመዘን፣ ባዶ በርሜልም ይመዘን። በሐምሌ ቂርቆስ ዕለት ወዳጆ ለንግሥ ሲጣደፍ፣ ሰንሰለቱ በአንድ ቀለበት አጥሯል ብለው እስከ ቀትር አቆሙት። የደረሰው ታቦቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰውዬው እያሉ ሰላም እንደማያገኝ ያን ቀን ተረዳ።

በዚያ ሰሞን አንድ መሐንዲስ መንገድ ሲያስቀይስ የሚያድርበት የእንጨት ቤት በጎማ ላይ አሠራ፤ አልጋ፣ የብረት ምድጃ፣ የውሃ በርሜል፣ ምኑ ቅጡ። ትልልቆቹ ካሚዮኖች ወደ ሰሜን ስለሄዱ፣ የወዳጆ ትንሿ ካሚዮን እስከ ሞጆ እንድትጎትተው ታዘዘ።

አቶ ምንዳዬ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ካሚዮኗን በእጥፍ ይከብዳል፤ ምድጃውም በርሜሉም የተጫኑት ወደ ኋላ ነው። ትልቅ ካሚዮን እስኪመጣ ይጠበቅ፣ ካልሆነም ውሃው ይደፋና ምድጃው ወደ ፊት ይምጣ ብለው በአስተርጓሚ አስረዱ። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየና አንድ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው ቃሉን ሳይተረጉም አቀረቀረ።

ወዳጆ እንቢ ማለት አማረው። ባለፈው ወር እንቢ ያለው ሾፌር ግን የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ሞተሩን አስነሳ።

አቶ ምንዳዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ቁልቁለቱ ላይ አንተ አትነዳም፤ ቤቱ ነው የሚነዳህ» አሉት።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

አቶ ምንዳዬ ዞረው የተሳቢው የእጅ ፍሬን ያለበት መርገጫ ላይ ወጡ።

ወደ አንድ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ቤቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ወዳጆ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ከኋላ እየገፋ ወደ ገደሉ ወሰደው። በመስታወት ሲያይ፣ አቶ ምንዳዬ በሁለት እጃቸው ፍሬኑን እያጠበቁ ነው። መዝለል ይችሉ ነበር፤ አልዘለሉም። ካሚዮኗ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆም ቤቱ በጎኑ ወደቀ፤ ቀኝ እግራቸውን ከነጉልበቱ ከሥሩ ጨፈለቀው።

እግሩ ተቆረጠ። መሐንዲሱ ጥፋቱን በሁለቱ ላይ ጽፎ ከሥራ አስወጣቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪም ቤቱ አልጋውን ለሌላ ፈለገው። ወዳጆ የሚጭናቸው መኪና ስላጣ በጀርባው አዝሏቸው ቂርቆስ ወዳለው ቤታቸው አቀና።

ጥቂት እንደሄዱ «ሰው ሲሸከሙ እንዲህ አይጎነበስም» አሉት። «ደግሞ ፈጠንክ።»

እርምጃውን ቀነሰ። ሰውዬው ቀለውበት ነበር፤ ምነው በከበዱኝ አለ በልቡ። የቤታቸው ጣሪያ ሲታየው አቋራጩን ትቶ በዙሪያው መንገድ ታጠፈ። አቶ ምንዳዬ አይተዋል። አንገቱን ያቀፉበትን ክንዳቸውን ጠበቅ አደረጉ።