ድምፅ ማን ጨመረ?

ወደ ፍሬ ነገሩ መድረስ የማይሆንለት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ይህ ሰው ዘላለሙን መግቢያ ላይ ነው። እናንተ ዘንድ ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የእኛው ክቡር ጋሽ መግቢያ ይባላሉ፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው፣ «ልጄ፣ ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት፣ ጎረምሳ ሳለሁ የተከራየሁት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር…» ብለው ጀመሩ። ቆርቆሮው ዝጎ፣ አከራዩ ሞተው፣ ወራሾቹ ተካስሰው ሲታረቁ፣ ለካ ሊነግሩኝ የመጡት ከኋላዬ ያለው ሶኬት እየጨሰ መሆኑን ነው! ስቆጣ ደግሞ፣ «ይኼን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም» አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ሄደው የቱ ጋ እንደሚያማቸው አስረድተው ሳይጨርሱ ሕመሙ ለቋቸው ነበር ይባላል።

ሥራችን ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ ሳጥን መሥራት ነው። በቅርቡ ሳጥኖቻችንን የገዛ ሆስፒታል ቅሬታ ላከ። ሕፃናቱ ይሞቃሉ፣ ግን እንቅልፍ የላቸውም፤ ስለማይተኙም ክብደት አይጨምሩም። ከሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ያለችው የጋሽ መግቢያ የልጅ ልጅ ናት።

ምክንያቱን በሲሙሌሽን ፈልጉ ተባልን። ሲሙሌሽን ማለት፣ እኔ እንደገባኝ (መግባቱንም እንጃ)፣ ሳጥኑን ኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ነው። ምን እንደሚደርስበት ካልነገሩት ግን ሥዕል ሆኖ ይቀመጣል። የሙቀት ፊዚክስ ሲጨመርለት ይሞቃል፤ የአየር ፍሰት ሲጨመርለት ይነፍስበታል። ድሮ ይኼን ለመጨመር ባለሙያ ይለመን ነበር፤ ዘንድሮ ኤአይ ረዳት መጣልንና እንደ ሰው ጽፎ ማዘዝ ብቻ ሆነ። አለቃችን ሥራውን ለጋሽ መግቢያ ሰጠቻቸው። «ሁለት ፊዚክስ ብቻ፣ ሙቀትና አየር። አደራ ጋሽ፣ እንዳያረዝሙት።»

አይ አደራ!

በማግስቱ ሞዴሉን ስከፍት ግራ ገባኝ። ሙቀት አለ። አየርም አለ። ከዚያ እርጥበት፣ ከዚያ ንዝረት፣ ከዚያ ማግኔት፣ ከዚያ ደግሞ ድምፅ! ይኼ የሕፃን ሳጥን ነው ወይስ የጋሽ መግቢያ የሕይወት ታሪክ?

አለቃችን ከኋላዬ መጥታ አፈጠጠች። «ድምፅ ማን ጨመረ?»

«እኔ እንጃ!»

«ሙቀት ድምፅ አለው እንዴ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው?»

ወደ ሰውዬው ዞረች። «ጋሽ፣ ለመሆኑ ምን ብለው ነው ያዘዙት?»

«ኧረ እኔ ገና አላዘዝኩትም» አሉ ጋሽ መግቢያ፣ ቅር ብሏቸው። «ገና መግቢያው ላይ ነበርኩ።»

እውነታቸውን ነው። ረዳቱ መግቢያውን ሁሉ ትእዛዝ አድርጎታል። ዝናቡን ሲያነሱበት እርጥበት ጨመረ። በሆስፒታሉ ደጅ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ሲያማርሩበት ንዝረት ጨመረ። ማግኔቱ ስለላላው የፍሪጃቸው በር ሲያወጉት ማግኔት ጨመረ።

«ሁሉንም አጥፋው» አለች አለቃችን።

ማግኔቱን አጠፋሁ። ንዝረቱንም እርጥበቱንም ሸኘሁ። ድምፁ ላይ ስደርስ ጋሽ መግቢያ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ከማጥፋትህ በፊት…»

«በፈጠረዎት ጋሽ፣ ዛሬ እንኳ ያሳጥሩልን!»

አላሳጠሩም። በምሳ ሰዓት ሆስፒታል እንደሚሄዱ፣ ስለ ታክሲው ወረፋ፣ ስለ ዘበኛው ጠባይ ቀጠሉ። እኔ እንደ ልማዴ ጆሮዬን ዘግቼ ስክሪኑን ማንበብ ያዝኩ። ረዳቱ ግን አንዲት ቃል አልዘለለም ነበር። እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በእጅ ማስገቢያው ቀዳዳ ጆሮዎን አስጠግተው የሕፃኗን ትንፋሽ ለመስማት እንደሞከሩ፣ የሳጥኑ አየር ማራገቢያ ጩኸት ግን እንደከለከለዎት ነግረውኛል። ስለዚህ የድምፅ ፊዚክስ ጨምሬያለሁ።»

ድምፁን ሳላጠፋ ተውኩት። ከዚያ ሞዴሉን አስኬድነው። ሙቀቱ ምንም አልጎደለውም። የማራገቢያው ድምፅ ግን ከሳጥኑ መውጫ አጥቶ፣ ልክ የሕፃን ራስ የሚያርፍበት ጋ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ ተከማችቷል። አለቃችን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ድምፀ ለስላሳ ማራገቢያ ቀየርንለት፣ ከሥሩም ጎማ አደረግንበት። የመጀመሪያው ሳጥን ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ጋሽ መግቢያም ተከትለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ለመግቢያው ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«ተኛች» አሉ።

ጠበቅኩ። የሚከተል ነገር የለም። ቆርቆሮ የለ፣ ታክሲ የለ። ሰውዬው ዝም ብለው ቆመዋል። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም፤ ሰው የለመደው ነገር ሲቀርበት ይጨንቀዋል። ተነስቼ ወንበር ሳብኩላቸው።

«እንዴ ጋሽ፣ እንዲህማ አይሆንም» አልኳቸው። «ይቀመጡና ከታክሲው ወረፋ ይጀምሩልኝ።»