ይበየድ፣ አይበየድ

ከጭቅጭቅ ሁሉ የሚከፋው አንዱ ተሳስቶ ሌላው ልክ የሆነበት አይደለም። እሱማ ቀላል ነው፤ የተሳሳተው እስኪደክመው ይጮህና «ይሁንልህ» ብሎ ይተዋል። የሚከፋው ሁለቱም ልክ የሆኑበት ነው። ባልና ሚስት መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ብለው ሲጣሉ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ቤቱ ታፍኗል፤ እውነት ነው። ትንኝ ይገባል፤ ይሄም እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚዳኝ ሽማግሌ ገና አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ እኛ ሰፈር አልደረሰም።

እኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎረቤቴ የግርማና የኑሪ ጋራዥ ነው። የሚለየን ቆርቆሮ ስለሆነ እዚያ ማዶ መፍቻ ሲወድቅ እዚህ የእኔ መርፌ መስመሯን ትስታለች። ሁለቱ ከልጅነታቸው አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ናቸው። ግርማ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ የአንድ አስተማሪ ልጅ ነው፤ የኑሪ ቤተሰቦች ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ግርማ ችኩል ነው፤ ሞተር ሳይበርድ እጁን ይከታል። ኑሪ ደግሞ አንዲት ብሎን ለመፍታት መኪናዋን ደጋግሞ ካልዞራት ደስ አይለውም። ችኮላና እርጋታ ተደጋግፈው ያን ጋራዥ ለዓመታት አቁመውታል።

ቴፒ አቅራቢያ፣ በቡና ማሳ መካከል በሚዞር የአፈር መንገድ ላይ፣ የአካባቢው ሹፌሮች የመኪና ውድድር ሊያደርጉ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሁለቱም አበዱ። የተጋጨች አሮጌ የቤት መኪና ገዝተው ምንጣፏን አወጡ፣ የኋላ ወንበሯን ጣሉ፣ ጣሪያዋን ከውስጥ በብረት ደገፉ። እኔም አላስችል ብሎኝ ለሹፌሩ ወንበር ቀይ ልብስ ሰፋሁ። ሁሉም ነገር ደህና ሄዶ ሄዶ ዲፈረንሻሉ ላይ ደረሰ።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም ያወቅሁት በቆርቆሮው በኩል ነው። መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል፣ በውስጥ ያለው አጭሩን። ዲፈረንሻል ማለት በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለ፣ ጥርሳጥርስ የታጨቀበት ነገር ነው፤ ሁለቱም እንደየመንገዳቸው እንዲዞሩ ይፈቅድላቸዋል። ደግ ነው። ደግነቱ ግን ጭቃ ላይ ያዋርዳል። አንዱ ጎማ የሚያዳልጥ ቦታ ከገባ ጉልበቱ ሁሉ ለእሱ ይሄድና በባዶ ይሽከረከራል፤ ደረቅ የረገጠው ጓደኛው ቆሞ ያየዋል። ስለዚህ አንዳንዶች ጥርሶቹን እርስ በርስ ይበይዷቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎማዎች ወደዱም ጠሉም እኩል ይዞራሉ።

«ይበየድ!» አለ ግርማ። «እዚህ አገር ጭቃ እንጂ መንገድ የት አለ?»

«አይበየድም» አለ ኑሪ። «የቴፒው መንገድ መታጠፊያው ብዙ ነው። የተበየደች መኪና መሪዋን ብታጥፈው ቀጥ ብላ ቡናው ውስጥ ነው የምትገባልህ፣ ወላሂ!»

ግርማ ክርክር አይወድም። ከተጣለ መኪና የተፈታ ሌላ ዲፈረንሻል ነበራቸው፤ እሱን በየደና ገጥሞ እኔንና ኑሪን አሳፍሮ ከተማ ውስጥ ሊያዞረን ወጣ። እኔ የኋላ ወንበር በነበረበት ቦታ ብረት ጨብጬ ቁጢጥ ብያለሁ። አስፋልቱን ቀጥ ብለን ስንሄድ ንግሥት ነበረች። ወደ ገበያው ስንታጠፍ ግን ጎማዎቹ እንደሚታረድ ፍየል ጮኹ፣ መኪናዋም እንደ ሚዳቋ ዘለለች። ባጃጆች ቆሙ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሽንኩርቷን ትታ ተነሳች።

«ሰማህ?» አለ ኑሪ።

«አስፋልት ላይ አይደል እንዴ የምንወዳደረው!» አለ ግርማ በፌዝ፣ ግን ጆሮው ቀልቷል።

ከዚያ በኋላ መነጋገር አቆሙ። አብረው ይሠራሉ፣ አንድ መኪና ሥር ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ አይነጋገሩም። ነገሩ ከዲፈረንሻል አልፎ «አንተ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ» እና «አንተ መቼ ወስነህ ታውቃለህ» ላይ ደርሶ ነበር። ኑሪ አጎራባቿ አማን ከተማ የራሱን ጋራዥ የሚከፍትበት ቤት እያፈላለገ መሆኑን ስሰማ ደነገጥኩ። የእነሱ ጫጫታ ሥራዬን ሲያበላሽብኝ የኖረ ሰው፣ ጫጫታው ሊቀር ነው ሲባል ክር ሳላስገባ ስሰፋ ዋልኩ።

አንድ ቀን ስፌቴን ትቼ ገባሁና «የማትሰሙ ከሆነ እሄዳለሁ፤ ከሰማችሁ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ» አልኳቸው። «በውድድሩ ዋዜማ ዝናብ ከዘነበ የተበየደው ይገጠም። ካልዘነበ ያልተበየደው። የሚነዳው ደግሞ ሐሳቡ ያሸነፈለት ነው።»

ግርማ ሳቀ። በእኛ አገር ሰማይ ላይ መተማመን ለእሱ እርግጠኛ ድል ነበር። ኑሪም ከጓደኛው ጋር ከመከራከር ይልቅ ከሰማይ ጋር መደራደር ሳይቀለው አልቀረም፤ «እሺ ጋሼ» አለ።

በዋዜማው ፀሐይ ወጣች። ለነገሩ ወጣች ማለት ያንሳታል፤ ቆርቆሮው እስኪንጣጣ ድረስ አቃጠለች። ግርማ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ሲያይ ዋለና አመሻሽ ላይ ያልተበየደውን በገዛ እጁ ገጠመ። ጥብቅ አድርጎ ገጠመው። ያን ጊዜ ወደድኩት።

በማግስቱ ቴፒ ላይ ሕዝቡ በጥላ ዛፎቹ ሥር ተደርድሮ ጠበቀን። ውድድሩ ሲጀመር መንገዱ ደረቅ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከቦንጋ የመጣ አንድ ልጅ፣ ዲፈረንሻሉን አስበይዶ የመጣ፣ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር መኪናው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ቡናው ውስጥ ገባ። ልጁ ደህና ነው፤ እየሳቀ ወጣ። ግርማ ግን አልሳቀም። አጠገቤ ቆሞ የዛፉን ቅጠል ይቆራርጥ ጀመር።

የእኛ መኪና በኑሪ እጅ መታጠፊያዎቹን እንደ ውሃ እየፈሰሰች ታልፋቸው ነበር። ከፊቱ የነበረችው አንዲት ነጭ ፒካፕ ብቻ ናት። ልክ መሀል ላይ ሰማዩ በዋዜማው የተበደረውን መለሰ። የእኛ አገር ዝናብ ማንኳኳት አያውቅም፤ በአንድ ጊዜ ወረደ። ኑሪ ዝቅ ያለችው ቦታ ላይ ሲደርስ መኪናዋ ቆመች። አንዱ ጎማ ጭቃውን ወደ ሰማይ ይረጫል፣ ሌላው ዝም ብሎ ቆሟል። ከኋላ ሌሎች መኪናዎች እየመጡ ነው፤ ቦታዋ ደግሞ ከመታጠፊያው በስተጀርባ ስለሆነች አያዩትም።

«የእጅ ፍሬኑን!» ብሎ ጮኸ ግርማ። «በስሱ ጎትተው፣ እግርህን ከነዳጁ ሳታነሳ!»

በሞተሩ ጩኸት ማን ይሰማል? ግርማ መንገዱን ሊያቋርጥ ሲወረወር ሸሚዙን ያዝኩት፤ ራሴ የሰፋሁት እጅጌ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። (ለደንበኞቼ፦ ክሩ ያረጀ ነበር።) እየተንሸራተተ ደርሶ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገባ። ኑሪ የእጅ ፍሬኑን በትንሹ ሳበ። የሚሽከረከረው ጎማ በፍሬኑ ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ሌላው ተላለፈ፣ የቆመው ጎማ መዞር ጀመረ፣ መኪናዋም እየተጎተተች ወጣች። ግርማ ወደ ዳር ዘለለ። ወዲያው ቀጣዩ መኪና በመታጠፊያው ብቅ አለ፣ ጭቃውንም ግርማ ላይ ከእግር እስከ ራስ ደፋበት።

ያሸነፈችው ነጯ ፒካፕ ናት። ሹፌሯ ብርቱካን ትባላለች፤ እሸት ቡና ከማሳ ወደ መፈልፈያ የምታመላልስ የቴፒ ልጅ ናት። የእኛዎቹ ስንተኛ እንደወጡ አልናገርም፤ ጨርሰዋል።

አመሻሽ ላይ ሦስታችን ሻይ ቤት ተቀመጥን። ግርማ አንድ እጅጌ ብቻ አለው፣ ኑሪ በፎጣ የጓደኛውን ጆሮ ከጭቃ ይጠርጋል። አማን በኩል ስላለው ቤት ያነሳ የለም። ብርቱካን ሽልማቷን ይዛ መጥታ ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመች።

«እናንተ የሚዛኖቹ መካኒኮች ናችሁ አሉኝ» አለች። «ለሚቀጥለው ዲፈረንሻሉን አስበይጂው እያሉ ሰዎች ያስቸግሩኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ላስበይደው?»

ሁለቱም በአንድ አፍ መለሱላት።

«በፍጹም እንዳታስነኪው!» አለ ግርማ።

«ዛሬ ነገ ሳትይ አስበይጂው!» አለ ኑሪ።

ተያዩ። ግርማ ከቦንጋ የመጣው መኪና ቡናው ውስጥ ሲገባ አይቷል፤ ኑሪ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ የቆመ ጎማውን ሲረግም ቆይቷል።

«አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ አይበየድም ስትል የከረምከው?» አለ ግርማ ከወንበሩ እየተነሳ።

«አንተስ? ጭቃ እንጂ መንገድ የት አለ ያለው ማን ነው?»

ብርቱካን አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ እኔን። እኔ ትከሻዬን ከፍ አደረግኩ። ቁልፏን አንስታ ፒካፗን አስነስታ ስትሄድ አንዳቸውም አላዩአት፤ ግርማ በሁለት ብርጭቆ የመታጠፊያውን አካሄድ ለኑሪ እያስረዳ፣ ኑሪም ብርጭቆዎቹን ጭቃው ይሄ ነው ወዳለው የፈሰሰ ሻይ እየመለሰ ነበር። ገና እንደማይነሱ ገባኝ። አስተናጋጇን ጠራሁና ሌላ ሻይ አዘዝኩ፤ ስኳሩ በዛ ያለ።