ያለ ቃል የሚሰማ ጸሎት

ጸሎትን እንደ ትምህርት ቤት በክፍል የሚከፋፍል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ የካቶሊክ ቁምስናችን ውስጥ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሽ ሻንካ። ከቅዳሴ ስንወጣ "የትኛው ደረጃ ደርሰሃል?" ይሉኛል። በእሳቸው ስሌት የቃል ጸሎት አንደኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ አስተንትኖ ይመጣል፤ በመጨረሻ ቃል የሌለበት ተመስጦ። መቁጠሪያ የያዝን ሁሉ ክፍል ደጋሚዎች ነን። እሳቸው ከቃል ጋር ከተሰነባበቱ ቆይተዋል።

አንድ ቀን ከአባያ ሐይቅ ማዶ ለቅሶ ደርሰን በጀልባ ስንመለስ ነፋስ ተነሳ። ውሃው እግራችን ሥር ገባ። ቀዛፊው "ከብዶናል፤ እንዳትነቃነቁ" አለ። አዞ ስለመኖሩ ማንም አላነሳም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ሻንካ ከእመቤታችን ጀምረው አንድም ቅዱስ ሳያስቀሩ እየጮኹ ተጣሩ። እኔ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

ዳር ስንደርስ እጄን ያዙ።

"ልጄ፣ አየሁህ" አሉ። "እኔ ስጮህ አንተ በተመስጦ ነበርክ። አልፈኸኛል።"

በሳምንቱ ወጣቶችን ስለ ጽሞና እንዳስተምር ተመደብኩ።

ምን ብዬ ልንገራቸው? ቀዛፊው "ከብዶናል" ሲል ዞሬ ያየሁት ጋሽ ሻንካን ነበር፣ ውፍረታቸውን። አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ግፊት ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

ጸሎት ያለ ቃልም ይሰማል ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዝም ማለት ያስፈራኛል።