ለጠበቃ የማይነገር ነገር

ሰው ሁሉ ይዋሻል። ባል ለሚስቱ፣ ተማሪ ለአስተማሪው፣ በሽተኛ ለሐኪሙ። ደንበኛ ግን ለገዛ ጠበቃው ከፍሎ ይዋሻል።

እነዚህን ሰዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቢሮዬ ሲገቡ ከመላእክት ወገን ናቸው፤ የሰው ዶሮ እሽ ብለው አያውቁም። "እኔ እኮ አፌንም አልከፈትኩም" ይላሉ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አፋቸውን ሳይዘጉ።

የዚህ ማኅበር ክብርት ሊቀመንበር ልብስ ሰፊዋ ደንበኛዬ ናቸው። አከራያቸው ከሱቃቸው እንዲወጡ ከሰሳቸው። ሰበቡ ኮት ነው፤ "እንዲያጠብቡልኝ የሰጠኋቸውን ኮት እጅጌዎቹን ጫፋቸው ላይ ደፍነው ሰፍተው፣ ልጄን በምድርበት ዕለት በሸሚዝ አስቀሩኝ" ይላል። ሱቁ ደግሞ መተዳደሪያቸው ነው፤ ከዚያ ከወጡ መግቢያ የላቸውም።

"እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው።

"ኮቱን በዓይኔም አላየሁት፣ ልጄ።"

"እኔ የእርስዎ ወገን ነኝ። ከነገሩኝ መላ አይጠፋም።"

"ካየሁት ዓይኔ ይጥፋ።"

ዓይናቸውን አምኜ ችሎት ቆምኩ። አከራዩ ኮቱን ሲዘረጋ ካባዬን ሰብሰብ አድርጌ ተነሣሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ የተመሰገኑ ባለሙያ ናቸው። ይህን የተንጋደደ ስፌት የሰፋው ከጀማሪም ጀማሪ ነው።" ከኋላዬ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

"የቱ ነው የተንጋደደው?" አሉ እትዬ። "ያ ስፌት የእኔ ነው። በእጄ ነው የሰፋሁት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አንዴ ከጀመሩ አይቀር ለዳኛው ሁሉንም ዘከዘኩት፦ አከራዩ ሰው ፊት "አሮጊት" ብሎ እንደሰደባቸው፣ ደማቸው እንደፈላ፣ በሰርጉ ማግሥት ግን ጸጸቱ እንቅልፍ እንደነሳቸው። ከዚያ ወደ አከራዩ ዞረው "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አሉት። አከራዩ ኮቱን ሲያጣጥፍ ቆየና "የእኔም አፍ አላማረም። ይህን ቀድመው ቢሉኝ መች እዚህ እመጣ ነበር" ብሎ ክሱን ተወ።

ኮሪደር ላይ አፈጠጥኩባቸው። "ለማያውቁት ዳኛ የነገሩትን፣ እኔን ጠበቃዎን ይደብቁኛል?"

"ዳኛውን ከዛሬ ወዲያ የት አገኘዋለሁ?" አሉኝ። "አንተን ግን በየመንገዱ አይሃለሁ። 'ምን ዓይነት ክፉ ሴት ናት' እንድትለኝ አልፈለግኩም።"

ያዘጋጀሁትን ተግሣጽ ትቼ ክንዳቸውን ይዤ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እወዳቸዋለሁ። እንዲህ አዋርዶ እንዲህ ያከበረኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።