የክሮውፊሹን መርዶ ያረዳሁ ዕለት

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ካምፓስ ውስጥ የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት!

ነርሲንግ ለመግባት ባዮሎጂ እየወሰድኩ ነው። ፕሮፌሰሯ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ክሮውፊሽ ሰጠችን፤ የወንዝ ሎብስተር በሉት፣ ቅርፊት የለበሰ ባለ መቆንጠጫ ፍጥረት። ተርሙ እስኪያልቅ በሕይወት ካላቆየነው ክላሱን እንወድቃለን። ከወደቅኩ ደግሞ ነርሲንግ የለም፤ ዳውንታውን፣ ቲኬት የምቆርጥባት ጠባብ የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ሌላ ዓመት!

ስሙን ጎበዜ አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ባየው ገንዳው ውስጥ ድርቅ ብሏል። እግሩም ጥፍሩም እንዳለ ነው፤ ግን ንቅንቅ የለም። ነካ አደረግኩት፣ ምንም!

ወይኔ፣ አለቀስኩ። ለዚህ? ትሉኝ ይሆናል። አዎ ለዚህ! እናንተ ለኳስ ታለቅሱ የለ?

ዚፕሎክ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። አብረውን የሚኖሩት የባሌ አክስት እትዬ ብርቄ፣ "አንቺ ሂጂ፣ ገንዳውን እኔ አጥበዋለሁ" አሉኝ።

መቼም መርዶ በቴክስት አይነገርም! ሰው ይዞ፣ በማለዳ፣ አስቀምጦ ነው። እኔም ሁለት ክላስሜቶቼን አስከትዬ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባሁ።

"ቁርስ በልተሻል? እስቲ ቁጭ በይ" አልኳት። ልጆቹን ሶፍት አስይዤ ግራና ቀኝ አቆምኳቸው።

ሴትዮዋ ፊቷ ነጣ። "እናቴ ናት?" አለች!

"ጎበዜ ነው" ብዬ ዚፕሎኩን አወጣሁ።

ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ውስጡ ባዶ! "ይሄ ቅርፊቱ ብቻ ነው" አለች። "ቅርፊቱ አብሮት አያድግም፤ ሲጠበው ሰንጥቆት ይወጣል። አዲሱ እስኪጠነክር ለስላሳ ስለሆነ ይደበቃል። እሱ ራሱ የታለ?"

እሱ ራሱ?!

እዚያው ስፒከር ላይ አድርጌ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ። "ውሃውን አይድፉት!"

"ምን መድፋት! ድንጋዩን ባነሳ ሬሳሽ ሥሩ ቁጭ ብሎ ያፈጥብኛል። በስመ አብ ብዬ መልሼ ከደንኩት" አሉ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ፕሮፌሰሯም ሶፍቱን ተቀብላ የሳቅ እንባዋን ጠረገች።

ይሳቁ! ስለ ቅርፊት የሚያወራው ቻፕተር ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፣ ምን ላድርግ? መርዶውን ግን በደንቡ ነው የተናገርኩት፤ አላፍርም።

"በዚህ ዕድሜሽ ትምህርት?" ላላችሁኝም መልሴ ይኸው። ጎበዜ ጠበበው፣ ወጣ። እኔንም ቡዙ ጠቦኛል።

አዲሱ እስኪጠነክርልኝ ሳቁብኝ። ነገ መርፌ ይዤ ስመጣ ግን ማን ይስቅ ይሆን?