ካቻቢቴ የማይለየው አታሄር

ጊታር ባለበት አገር ሁሉ፣ ከሚጫወተው ይልቅ የሚፈታው የሚበዛ አንድ ሰው አይጠፋም። በሰሐራ በረሃዋ ከተማ ታማንራሴት ያ ሰው ሊቀ ጠበብት አታሄር ነው። ሹመቱን የሰጠው የለም፤ የሚሽረውም አልተገኘም።

የኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ንዝረት የሚለቅሙ ማግኔቶች አሉት፤ እዚያ «ማይክ» ይሏቸዋል። አታሄር ስለ እነሱ ሲያወራ ዘመድ የሚያማ ይመስላል። «በጊታሯ አንገት በኩል ያለችው ማይክ አክስት ናት፤ ታቅፍሃለች። የታችኛዋ አማት ናት፤ ትነክስሃለች። ጥበቡ ሁለቱን አንድ ቤት ማኖር ነው!» ይላል። ከተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሽቦ ፈትቶ ራሱ የጠመጠማት ማይክ ነበረችው፤ ከዘፈኑ ይልቅ የጎረቤት ሬዲዮ ታሰማ ነበር። አንዴማ የሕፃን ስም ማውጫ ድግስ ላይ፣ ጭፈራው ደርቶ ሳለ «ቁሙ! ድምፁ ገና አልመጣም!» ብሎ ገመዱን ነቀለው። ጨፋሪዎቹ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

ይህን ሁሉ የሚችለው አብረው የሚጫወቱበት ባንድ ዘፋኝና አብሮ አደጉ ባክሪን ነው። ይችለዋል ማለት ይሰድበዋል ማለት ነው።

ባንዱ ሊጫወት በተጠራበት አንድ የሠርግ ዕለት ግመሎቹ ተሸልመው፣ ሴቶቹ ከበሮውን ከበው ሲጠብቁ፣ ባክሪን የጊታሩን ሳጥን ከፈተና ክው አለ። የአንገቷ ማይክ በነበረችበት ቦታ ጉድጓድ! ሁለት ሽቦዎች እንደ በረሮ ጢም ተንጨፍረው ወጥተዋል። የባክሪን ጢም ሳይበቅል ጀምሮ አብራው የኖረች ጊታር ነበረች።

«አታሄር!»

አታሄር የራሱን ቀይ ጊታር ታቅፎ ከድንኳኑ ጀርባ ብቅ አለ። «አቤት ወንድሜ።»

«ሆዷን የዘረገፍከው አንተ ነህ?»

«አክስትህን ወስጄ ከእኔ አማት ጋር አስታረቅኋቸው።»

«በሠርግ ቀን? ሰው አይደለህም እንዴ!»

አታሄር ቀይዋን ጊታር አንገቱ ላይ አጠለቀለት። «መጀመሪያ ምታት፤ ከዚያ ትገድለኛለህ።»

መታት። ሁለቱ ማይኮች ባንድነት ሲከፈቱ የወጣው ድምፅ ጣሳ ውስጥ የገባች ትንኝ ነበር። አታሄር ግን «አሃ! አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ትስባለች!» አለና ካቻቢቴውን ከጥምጥሙ መዞ ጊታሯን ከፈታት። በጄኔሬተሩ ባሞቀው መበየጃ የአንደኛዋን ማይክ ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ በየዳቸው።

«እስቲ አሁን።»

ባክሪን መታት፤ ሞቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ድምፅ ወጣ። መዝፈን ሲጀምር ደግሞ ይበልጥ ደነገጠ። ሳል ካደከመው ወዲህ የሳሳው ድምፁ፣ እንከኑን ለማንም ያልነገረው ድምፁ፣ ከጊታሯ በላይ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ሁለቱ ማይኮች ሲጣመሩ የድምፁን መሐል ላንተ ይለቃሉ» አለው አታሄር በጆሮው። «እዚያ ዝፈን። ካመመህ ጀምሮ ጊታርህ ስትውጥህ የማልሰማ መሰለህ?»

ባክሪን ዘፈነ።

አመሻሹ ላይ የሙሽራው አጎት ባክሪንን ወደ ጥግ ሳብ አደረገው። «ግሩም ነበር። ሌላ ጊዜ ግን ያንን እብድ ይዘህ እንዳትመጣ!»

«እሱ ካልመጣ እኔም አልመጣም» አለ ባክሪን፤ ካፉ በወጣው ነገር ራሱ ደነገጠ።

ዞር ሲል ሊቀ ጠበብቱ በኪራይ የመጣውን የድምፅ ማጉያ ገልብጦ ጀርባውን እየፈታ ነው። ባክሪን ሊጮህበት አሰበ። ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ አለና፣ ብሎኖቹ አሸዋ ውስጥ እንዳይጠፉ መዳፉን ዘረጋለት።